ጽጌረዳዋ ያለችበት ቁራሽ

አልቫር ሌቫንደር በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው ምግብ ቤት ገብቶ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ዓሣ አዝዞ ጉበት አመጡለት። ጉበት ሽታው እንኳ ያባርረዋል። አስተናጋጁ ግን ሥራ በዝቶበት ሲዋከብ አየውና አሳዘነው፣ ጥርግ አድርጎ በላው። "እንዴት ነበር?" ሲሉት "ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ወጣና ሁለት ቀን ሆዱን ታመመ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ "ሶልቪንድ" የምትባለው የሽርሽር መርከብ መቀበያ ፊት ቆሞ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ፣ "ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ፣ መስኮት ያለው ክፍል ይገኝ ይሆን?" ያለው። በስዊድን የሁዲክስቫል ከተማ ጡረተኞች ማኅበር የመደበለት ክፍል ከመርከቧ የመኪና ማቆሚያ ወለል በታች፣ መስኮት የሌለው፣ አልጋዎቹ የተደራረቡ፣ ታችኛው አልጋ ላይ ደግሞ ፎልከ የሚያንኮራፋበት ነበር። ፎልከ የድሮ ጓደኛው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሲተኛ ግን መጋዝ ነው።

አልቫር መስኮት የፈለገው ግን ፎልከን ሽሽት አይደለም። ማይኬን ዊክማንን አስቦ ነው።

ማይኬን አርባ ዓመት ዋና ያስተማረች ሴት ናት። ግማሹ ሁዲክስቫል ዛሬ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው በእሷ ጩኸት ነው። ድምጿ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰነፍ ልጅ ቀጥ ያደርጋል። አልቫርና እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ በማኅበሩ አዳራሽ ሲደንሱ ኖረዋል። ዳንሱ ሲያልቅ እስከ አጥሯ በር ይሸኛታል፣ "እንግዲህ ደህና እደሪ" ይላል፣ ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት! አልቫር ፖስታ አዳይ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ደብዳቤ በየበሩ ሲያደርስ የራሱን አንዲት መልእክት ግን ማድረስ አቃተው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አልቋል። የማይኬን ልጅ ማልሜ ውስጥ ከቤቷ ጎን አፓርታማ አግኝታላታለች። ሐሙስ የጭነት መኪና ይመጣል። ማልሜ ከሁዲክስቫል ቀኑን ሙሉ በባቡር ተጉዘው የሚደርሱባት የአገሪቱ ጫፍ ናት፤ እዚያ ሄዶ ረቡዕ ረቡዕ የሚመለስ የለም። ይህ የሁለት ቀን የመርከብ ሽርሽርም የማይኬን ስንብት ነው። አልቫር ኪስ ውስጥ የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ አለች፤ ቆርቆሮዋ ውስጥ ደግሞ ቀለበት።

መስኮት ያለውን ክፍል ሰጡት። ደስታው ወሰን አጣ። እነግራታለሁ አለ በልቡ፤ ደሴቶቹ እያለፉ፣ ባሕሩ እያብረቀረቀ፣ ሁለታችንም ወደ ውጭ እያየን፣ ዓይኗን ሳላይ። አንድ ጠርሙስ አረፋ የሚያወጣ ወይን ገዛ። ብርጭቆ አጥቶ ከመታጠቢያው ሁለቱን የጥርስ ብሩሽ ብርጭቆዎች አጠበ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

"ማይኬን፣ ክፍሌ መስኮት አለው።"

"ምን አለው?"

"መስኮት። ባሕር ያሳያል። ማየት ከፈለግሽ ማለቴ ነው። ካልፈለግሽም ምንም አይደለም።"

"ለምን አልፈልግም? እኔና ዲሳ ያለንበት ክፍል እኮ ቁም ሣጥን ነው።"

አልቫር ወደ ክፍሉ አስገባት፣ ወንበሩን ሳበላት፣ ወይኑን ቀዳላት። መጋረጃውን ራሱም ገና አልከፈተውም ነበር፤ ይህን ደስታ ለእሷ አስቀምጦላታል። ገመዱን ይዞ ሳበው።

መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀው። ባሕር የለም፣ ሰማይ የለም፣ ደሴት የለም። የነፍስ አድን ጀልባ ሆድ ከመስታወቱ በአንድ ክንድ ርቀት ተንጠልጥሏል፤ በትልልቅ ፊደል "ለ150 ሰው" የሚል ተጽፎበታል።

ማይኬን ብርጭቆዋን እንደያዘች ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

"አልቫር፣" አለች ማይኬን ቀስ ብላ፣ "ባሕሩ ይሄ ነው?"

"መሄድ አለብኝ፣ መቀበያው ጋ..."

"ምን ትላቸዋለህ?"

አልቫር አሰበ። "አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ።"

ማይኬን ሳቀች፣ ግን ተራ ሳቅ አይደለም፣ ፍርፍር ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረደ፣ ወይኗ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። "ችግር የለም!" አለች እየተንፈቀፈቀች። "መርከቧ ብትሰጥም መጀመሪያ የምንሳፈረው እኔና አንተ ነን!"

እኔና አንተ። አልቫር ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። አሁን ነው አለ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቆርቆሮዋን አወጣ፣ አንድ ጉልበቱ መታጠፍ ጀመረ።

"ማይኬን..."

"አቤት?"

ዓይኗን አየና የሚለው ሁሉ ጠፋበት። "ከረሜላ ትፈልጊያለሽ?"

"እስቲ ስጠኝ።" እጇን ዘረጋች።

ያን ጊዜ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከረሜላ እንደሌለ ትዝ አለው። እጁን መልሶ ሰበሰበ። "ውይ፣ ለካ አልቆብኛል!" ብሎ ባዶነቷን ሊያሳያት ነቀነቃት። ቅጭልጭል አለች። ማይኬን ቆርቆሮዋን አየች፤ እሱን አየች። አንድ ነገር ልትል ስትል በሩ ተንኳኳ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዲሳ ነበረች። "ቡፌው ተከፍቷል! ፎልከ ሁለተኛ ሳህን ላይ ደርሷል!" ብላ ጮኸች።

ቡፌው ጋ ደግሞ ሌላ ሞኝነት። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ዓሣ ጋ ሲደርሱ ማይኬን ከፊቱ ነበረች። ሳልሞን የሚባለው ቀይ ዓሣ ጋ ሳንደርስ እነግራታለሁ ብሎ ማለ። ከኋላው የቸኮለች ሴት መጣች፤ "እባክሽ፣ እለፊ" አላት። ባሏንም አሳለፈ። ከዚያ አንድ ሙሉ የመዘምራን ቡድን አሳለፈ። ቀና ሲል ማይኬን ከአዳራሹ ማዶ ጣፋጩ ጋ ደርሳለች፤ በመካከላቸው ሠላሳ ሰው ሳህን ይዞ ቆሟል። ፎልከ ብቻ ነበር የቀናው፤ አምስት ጊዜ ተመላለሰ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አልቫር የመጨረሻ ዕድሉን አሰላ። መርከቧ ከምሳ በኋላ ስቶክሆልም ትደርሳለች፤ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሐሙስ ነው። በአፉ እንደማይሆንለት ገባው። አፍ የማይጠይቅ መንገድ ያስፈልገዋል።

ለምሳ ማኅበሩ ለማይኬን የስንብት ኬክ አዝዟል። እኛ ስዊድናውያን ሁላችን የምናውቀው ኬክ ነው፤ በክሬም ያበጠ፣ አረንጓዴ ጣፋጭ ሊጥ የለበሰ፣ አናቱ ላይ ወደ አንዱ ጠርዝ አንዲት ሮዝማ ጽጌረዳ የተቀመጠችበት። አልቫር አስተናጋጇን ፈልጎ አገኛት። ቱሊኪ ትባላለች፤ ከኦቦ ከተማ የመጣች ፊንላንዳዊት ናት፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ባዶ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ማየት የማትወድ።

"ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩሽ..."

"አስቸግረኝ። ሥራዬ ነው።"

አልቫር ቆርቆሮዋን ከፈተላት። ቱሊኪ ቀለበቱን አየች፣ ኬኩ ወደሚሠራበት ወጥ ቤት አየች፣ ነገሩ ገባት።

"ጥርሷ ቢሰበርስ?"

"ከጽጌረዳዋ ሥር ብቻ ደብቂልኝ። የክብር እንግዳዋ እሷ ናት፤ ጽጌረዳዋን የምትወስደው እሷ ናት። አንስታት ታገኘዋለች።"

ቱሊኪ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው። "አንተ ስዊድናዊ ነህ አይደል?"

"አዎ።"

"እሷስ?"

"እሷም።"

"እና ጽጌረዳዋን ትወስዳለች?"

"እንዴት አትወስድም?"

"እሺ፣" አለች ቱሊኪ። ቀለበቱን በናፕኪን ጠቅልላ ሄደች።

እዚህ ላይ አልቫርን ልቆጣው ይገባል። ሰባ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር የኖረ ሰው ነው። ፍቅር ቢያሳብደው እንኳ እንዴት ይህን ይረሳል? እኛ ዘንድ የክብር እንግዳ ለራሱ ጽጌረዳ ይቆርሳል? የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚነካስ ማን አለ? ዕድሜ ልካችንን ስንገማመስ የኖርን ሰዎች እኮ ነን። ግማሹን እንወስዳለን፣ የግማሹን ግማሽ እንወስዳለን፣ የቀረችው ፍርፋሪ ሳህኑ ላይ ትደርቃለች።

ምሳ ሆነ። ስምንት ሆነው ክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በትልልቁ መስኮት ደሴቶቹ ያልፋሉ፤ ቀያይ የበጋ ጎጆዎች፣ ባንዲራቸው፣ ከመዋኛ ድልድያቸው ላይ እጃቸውን የሚያውለበልቡ ሰዎች። ኬኩ መጣ። ማይኬን ተነሣች፣ ቢላውን ያዘች፣ ሁሉም አጨበጨቡ።

ማይኬን ቢላዋን ከጽጌረዳዋ በተቃራኒው በኩል ሰካች።

"መጀመሪያ ለዲሳ፣" አለች። ቀጥላ ለፎልከ። ዞረች። እየቆረሰች፣ እያደረሰች፣ ሁሉንም ከዚያኛው ጥግ። የሰው ቁራሽ ቀጥ ብላ እንድትቆም በጥንቃቄ ታስቀምጣለች፤ ሳህን ላይ ኬኩ የተጋደመበት ሰው አያገባም ስለሚባል። የፎልከ ተጋደመ። "ተመስገን!" አለ ፎልከ፤ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስት ጊዜ ፈትቷል። የአልቫር ቀጥ ብላ ቆመች። የመጨረሻውን ጠባብ ቁራሽ ማይኬን ለራሷ አነሣች፤ ጽጌረዳ የለውም። ዘጠነኛዋ፣ ጽጌረዳዋን የተሸከመችው፣ መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች።

"ማይኬን፣ ጽጌረዳዋን ውሰጃት እንጂ!" አለ አልቫር። ድምፁ ቀጠነበት።

"እኔ? አይ፣ አይሆንም። አንተ ውሰዳት።"

"አንቺ ነሽ የክብር እንግዳዋ።"

"ዲሳ ትውሰድ።"

"እኔ ጠግቤያለሁ፣" አለች ዲሳ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ቢላዋን አነሣችና "ጎኗን ትንሽ ብቻ" ብላ ግማሿን ወሰደች። ከወዲያ ያለው ሰውዬ የቀረችውን ግማሽ ገመሰ። ሚስቱ ያንኑ ገመሰች። ቁራሿ ቀጥና ቀጥና ቅጠል አከለች። ጽጌረዳዋ ብቻ ከላይ ተንገዳግዳ ቆማለች። አልቫር ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

ፎልከ ቢላዋን አነሣ። "እኔ ግማሿን ብቻ..." አለና ስለቱን ጽጌረዳዋ መሐል ላይ አሳረፈ።

"ፎልከ!"

የአዳራሹ ግማሽ ዞረ። ፎልከ ቢላዋን እንደያዘ ደረቀ። "ምን ሆንክ?"

"ቢላው... ቢላው አልታጠበም።"

"ሁላችንም የቆረስንበት ቢላ ነው እኮ!" ፎልከ ተቀይሞ አስቀመጠው። ሁሉም አልቫርን ማየት ጀመሩ። በዚያች ቅጽበት አንድ ጢማም አስተናጋጅ ብቅ አለ። ቱሊኪ አይደለችም፤ ቱሊኪ ወጥ ቤት ገብታለች። ጢማሙ ስለ ቀለበት የሚያውቀው ነገር የለም።

"እንዴት ነበር?" አለ ወደ አልቫር ጎንበስ ብሎ።

የሰባ አንድ ዓመት ልማድ ከአፉ ራሱ ወጣ። "ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ።"

ጢማሙ ፈገግ አለ፣ ሳህኑን ከነቁራሿ ከነጽጌረዳዋ አነሣ፣ ሄደ።

አልቫር በሩ ሲወዛወዝ አየ። ማልሜን አየ። ሐሙስን አየ። የረቡዕ ምሽት ባዶ አዳራሽ አየ። ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

ያ ሩጫ ዛሬም ሁዲክስቫል ውስጥ ይወራል። በሰላጣው በኩል ዞሮ፣ ከመዘምራኑ ቡድን መሐል ሰንጥቆ፣ አንዲት ሴት "ወረፋ አለ እኮ!" ስትለው "ወረፋው ገደል ይግባ!" ብሎ መለሰላት። አዎ፣ አልቫር ነው ይህን ያለው። "ለሠራተኛ ብቻ" የሚለውን በር በትከሻው ከፈተ። ወጥ ቤቱ ውስጥ እንፋሎት ነው፣ ጩኸት ነው። የቆሸሹ ሳህኖች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ተደርድረው ወደ ማጠቢያው ማሽን አፍ ይጓዛሉ። ጽጌረዳዋ ሦስተኛ ላይ ናት። ሁለተኛ ሆነች።

"አቁሙ!"

በሕይወቱ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ቱሊኪ ከጥግ ብቅ አለች፣ አየችው፣ ሳህኑን አየች፣ ሮጣ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ጸጥ አለ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ቁራሿ እንደ ተአምር ቆማለች፤ ዘመም ብላ፣ ግን ቆማለች። ቱሊኪ ሳህኑን አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ስዊድናዊ ነህ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ፣" አለች። "ሂድ አሁን። ቀስ ብለህ።"

ቀስ ብሎ ሄደ። ሙሉ አዳራሹ አፉን ከፍቶ እያየው፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንቁላል እንደሚሸከም ሰው እየረገጠ። ፀጉሩ በእንፋሎቱ ቆሟል፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ ተጠምጥሟል። ማይኬን ፊት ደረሰና ሳህኑን አስቀመጠ።

ቁራሿ ዘፍ ብላ ተጋደመች።

"ውይ!" አለች ዲሳ። ጽጌረዳዋ ተንከባለለች፤ ከሥሯ ክሬም የተቀባ ቀለበት ወጥቶ ሳህኑ ላይ አንድ ዙር ዞረና ቆመ።

ሁሉም ቀለበቱን አዩ፣ ሁሉም የተጋደመውን ኬክ አዩ፣ ሁሉም ያንኑ አሰቡ። አልቫርም አሰበው። በቃ አለ በልቡ፣ ኬኩ እንኳን እንቢ አለኝ። "ይቅርታ" ለማለት አፉን ከፈተ።

ማይኬን ግን ጣቷን ዘረጋች። ከተጋደመችው ቁራሽ ሥር አስገባችና ቀጥ አድርጋ አቆመቻት። ቁራሿ ወደቀች። እንደገና አቆመቻትና በጣቷ ደግፋ ያዘቻት።

"ተጋድሞ ነበር እኮ፣" አለ ፎልከ በሹክሹክታ።

"አልተጋደመም!" አለች ማይኬን በዚያ ከገንዳ ማዶ በሚሰማው ድምፅ። "ይኸው ቆሟል!" ከዚያ ወደ አልቫር ዞረች። ፊቷ ከጽጌረዳዋ በላይ ቀልቷል። "ከትናንት ጀምሮ ያቺን ከረሜላ ስጠብቅ ውዬ አድሬአለሁ። ጠይቀኝ እንጂ፣ አልቫር! ቶሎ በል፣ ጣቴ ደነዘዘ!"

አልቫር ወለሉ ላይ ተንበረከከ። መርከቧ ዘመም ስላለች የጠረጴዛውን እግር ያዘ። "ታገቢኛለሽ?" አለ። "እኔ እንደ ፎልከ አላንኮራፋም። ማልሜም ከሆነ ማልሜ እሄዳለሁ። የጭነት መኪናው ላይ ቦታ ካለ..."

"ማልሜ ምን አለ? ነፋስ ብቻ!" አለች ማይኬን እያለቀሰች፣ እየሳቀች። "አገባሃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አጥሬ በር ላይ ያቆምከኝ፣ ሞኝ!"

ከዚያም በእኛ አገር የማይደረግ ነገር አደረገች። በጠረጴዛው ሰው ፊት፣ በመዘምራኑ ፊት፣ በመላው አዳራሽ ፊት፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ በእጇ አነሣችና ሳትገምሳት፣ ለማንም ሳታቀምስ፣ ሙሉዋን በላቻት። ጽጌረዳዋን አስከተለቻት። ጭብጨባው ሲፈነዳ ቀለበቱን ከነክሬሙ ጣቷ ላይ አጠለቀች።

ጢማሙ አስተናጋጅ ምን እንደሆነ ሳይገባው መጣና ወደ አልቫር ጎንበስ አለ። "እንዴት ነበር? ጠረጴዛውን ላጽዳ?"

አልቫር ቀና ብሎ አየው። አፉ በልማዱ ሊከፈት ሲል ማይኬን እጁን ጨበጠችው።

"አይሆንም፣" አለ አልቫር ሌቫንደር። "ገና አልጨረስንም።"